ዱቼሷና ባለ ቀይ ካባዋ ልጅ፦ የባይረን «ዶን ጁዋን» ሲነበብ

እንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ሎርድ ባይረን ከ1819 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየክፍሉ ያሳተመውና በ1824 ግሪክ ውስጥ ሲሞት ሳይፈጽመው የቀረው «ዶን ጁዋን» የተሰኘ ረጅም የሽሙጥ ግጥም፣ ይበልጥ የሚታወቀው በአንደኛው ክፍል በሚተረከው የወጣቱ ጁዋንና የባለትዳሯ ዶና ጁልያ ፍቅር ነው። ምስጢሩ ሲገለጥ እርሱ ለጉዞ፣ እርሷ ግን ወደ ገዳም ይላካሉ። እኔ ግን መጽሐፉ ዋጋውን የሚያወጣው በ16ኛው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ቦታው ጁዋን በእንግድነት ያረፈበት የእንግሊዛዊው ሎርድ ሄንሪ የገጠር መኖሪያ ነው። ጌታው የአካባቢው ዳኛም ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ ሲያድኑ የተያዙ ሰዎችና ከጋብቻ ውጭ ያረገዘች፣ ቀይ ካባ የደረበች አንዲት የገጠር ልጅ በአንድ ቀን ይቀርቡለታል። ባይረን ዳኞች የአገሩን አደንና የአገሩን ግብረ ገብ ፈቃድ ከሌላቸው ሰዎች ይጠብቃሉ ብሎ ሁለቱን ጉዳዮች በአንድነት ይጠራቸዋል፤ በዚያ ዘመን አደን በሕግ ለባለ ርስቶች የተከለለ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ፣ ከሥነ ምግባር መውጣትም እንዲሁ የእነርሱ መብት ሆኖ መኖሩን ወዲያው ይረዳል። ልጅቷ የምትጠየቀው የፅንሱን አባት ስም ነው፤ አባቱ ካልታወቀ የሕፃኑ ማሳደጊያ በአጥቢያው ላይ ይወድቃልና። ያመጣት ሹም ቢራውን ሲጠጣ፣ እርሷ በታላቁ አዳራሽ ገርጥታ ትጠብቃለች። በዚያው ቤት በእንግድነት ያረፈችው ባለትዳር ዱቼስ (የከፍተኛ መኳንንት ማዕረግ ያላት ሴት) ፊትዝ ፉልክ ደግሞ በዚያው ሌሊት የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ወደ ጁዋን ትሄዳለች፤ ጠዋት ከእንግዶቹ ጋር ለቁርስ ትቀርባለች እንጂ ዳኛ ፊት የሚያቆማት የለም።

ባይረን ሁለቱን ሴቶች ፊት ለፊት አያነጻጽራቸውም፤ ጥበቡም እዚህ ላይ ነው። ስምንት ስንኝ ያለው አንጓ በስድስቱ ስንኞች ወሬውን ዘና ብሎ ካስኬደ በኋላ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአንድ ቤት ገጥመው ፍርዱን ይሰጣሉ።

ይሁን እንጂ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ለልጅቷ ስምም ንግግርም አልተሰጣትም፤ ተራኪው እዚያው ላይ የራሱን የወጣትነት ጥፋት እያነሣ ይቀልዳል። የበደላትን ሥርዓት የሚነቅፈው ብዕር እርሷንም መሳቂያ ከማድረግ አልተቈጠበም፤ ይህን በባይረን ታላቅነት ማለፍ አይገባም ባይ ነኝ።

የደራሲው መብት ጊዜ ስላለፈበት ጽሑፉ በነፃ ይገኛል፤ ሆኖም የዘመኑን ሕግና ሹመት ለማያውቅ አንባቢ፣ የግርጌ ማብራሪያ ያለውን የወረቀት እትም መግዛት ይሻላል። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው አንደኛውን ክፍል ካነበበ በኋላ በቀጥታ ከ13ኛው እስከ 16ኛው ያሉትን ቢያነብ የእንግሊዙን ታሪክ ዋና ክፍል ያገኛል።