ትንሿ ዲጂታል ሬዲዮዬ፣ ሶስት ወር ከተጠቀምኩባት በኋላ

ሬዲዮዋን የገዛኋት ቤት ውስጥ ስራ ስሰራ ከክፍል ክፍል ይዣት ልዞር ብዬ ነው። ዲኤቢ ፕላስም (ዲኤቢ የሚባለው የዲጂታል ሬዲዮ ስርጭት አዲሱ ዓይነት) ኤፍኤምም ትይዛለች፣ በቻርጅ ትሰራለች፣ መልኳ ያው ጥቁር ሳጥን ናት። የምጽፈው ስለ ሲግናሏ ነው፣ እኔም ከመግዛቴ በፊት ስፈልግ የነበረው እሱን ነው ግን ሰው ሁሉ የሚጽፈው ስለ ቀለሟና ስለ ስክሪኗ ሆኖብኝ ተቸገርኩ።

የመጀመሪያ ቀን ልመልሳት ምንም አልቀረኝም። አልጋ አጠገብ ያለው ኮመዲኖ ላይ እንዳስቀመጥኳት ስካን አደረገች፣ 11 ጣቢያ። አስራ አንድ ብቻ! የሸጠልኝን ሰውዬ በሆዴ ስረግም ቆይቼ መስኮት ጋር ወሰድኳት፣ አንቴናውን ዘረጋሁና እንደገና ስካን ሳስደርጋት ከ40 በላይ ገባ። ለካ በዲኤቢ ጣቢያዎቹ ለየብቻ አይደለም የሚመጡት፣ ብዙ ጣቢያ አንድ ላይ ታስሮ 1.5 ሜጋኸርዝ ገደማ ስፋት ባለው አንድ ብሎክ ነው የሚላከው፣ ስለዚህ አንዱ ብሎክ ካመለጣት አስሩም አስራ አምስቱም ጣቢያ አብሮ ያመልጣል። አንድ ጣቢያ ብቻ ጠፋብኝ የሚል ሰው ካለ ምናልባት ጣቢያው ራሱ ተዘግቶ ወይ ብሎክ ቀይሮ ነው፣ ስካን ይድገም።

በኤፍኤም የለመደ ሰው እዚህ ግራ ይገባዋል። ኤፍኤም ሲደክም ሹሹታው ቀስ በቀስ ይጨምራል፣ አንተም ጆሮህን አስጠግተህ ትሰማለህ። ይቺ ግን ሹሹታ የሚባል ነገር አታውቅም። ጥርት ብላ እያወራች እያወራች ድንገት ቁርጥ፣ ዝም። የድሮው ዲኤቢ ቢያንስ ከመጥፋቱ በፊት ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ይንቦጫረቅ ነበር፣ ዲኤቢ ፕላስ ግን ስህተት ማረሚያው ጠንከር ስላለ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ቆይቶ ነው ጥሎህ የሚሄደው። ስለዚህ ድምፁ ጥሩ ነው ማለት ሲግናሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ኢንፎ የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳየውን ባር እዩ፣ የኔ ሁለት ላይ ሆና ስታወራ ሰው በአጠገቧ ካለፈ ትቆረጣለች።

አንቴናው ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ተጫወትኩ ማለት ይቻላል። ዲኤቢ ከ174 እስከ 240 ሜጋኸርዝ ባለው ነው የሚሰራው፣ ለዚህ የሚስማማው ርዝመት ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር መሀል ነው፣ ለኤፍኤም ግን 75 አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ኤፍኤም ስሰማ እስከ ጫፉ አወጣዋለሁ፣ ዲኤቢ ስሰማ ደሞ ሁለቱን ቁራጭ መልሼ አስገባለሁ፣ እንደዛ ሳደርግ ባሩ አንድ ጨመረ። ማቆምም ቀጥ አድርጎ ነው፣ ተኝቶ ሲሆን ደከም ይላል። በጣም የገረመኝ ግን በእጄ ስይዛት አራት ባር፣ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣት ሁለት! የሰው ሰውነት አንቴናውን ያግዘዋል ማለት ነው፣ እኔ ደሞ ቀኑን ሙሉ ይዣት ልቆም አልችልም።

ሌላው ጠላቷ ቻርጀር ነው። ርካሽ የስልክ ቻርጀር አጠገቧ ሰክቼ ባሩ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ፣ ነቀልኩት ተመለሰ፣ ሰካሁት ወረደ። አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖልም እንደዛው ያደርጋታል። እሷም ራሷ ቻርጅ ላይ ሆና ስትሰራ ከወትሮው ደከም ስለምትል ማታ ቻርጅ አድርጌ ቀን ነቅዬ ነው የምሰማት። ባትሪዋ ካርቶኑ ላይ 15 ሰዓት ይላል፣ በዲኤቢ ድምፁን መሀል ላይ አድርጌ 9 ሰዓት ገደማ ነው ያገኘሁት፣ በኤፍኤም ከዛ ይሻላል።

ይዟት ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ጥሩ ናት። ብዙ ማሰራጫዎች አንድ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ ላይ ሆነው ያንኑ ነገር ስለሚልኩ ቦታ ስትቀይር ጣቢያ መፈለግ የለም፣ እንደውም ከሁለት አቅጣጫ ሲመጣ ይደጋገፋል። ሊፍት ውስጥ ግን አትጠብቁ፣ ምድር ቤትም እንደዛው።

አንድ የሚያናድድ ነገር፣ ከኤፍኤም ሁለት ሶስት ሰከንድ ወደኋላ ትቀራለች። ኳስ ስሰማ ጎረቤት ከኔ ቀድሞ ይጮሃል፣ ጎሉ ገባ አልገባ የማውቀው በግድግዳው በኩል ነው። ሰዓታችሁንም በሷ እንዳትሞሉ።

ኖርዌይ በ2017 አገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም አውጥታ ወደ ዲኤቢ አዙራለች፣ ዲኤቢ ስርጭት ጭራሽ የሌለበት አገርም ሞልቷል፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት እናንተ ያላችሁበት መኖሩን አጣሩ፣ ከሌለ የገዛችሁት በውድ ዋጋ ተራ ኤፍኤም ነው።

መስኮት ያለበት ክፍል ውስጥ ለምትሰሙ ከ5 አራት እሰጣታለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለአንቴናው ነው፣ በሶስት ወር ስሩ ላልቶ ቀጥ ሳደርገው ቀስ እያለ ይወድቃል፣ አሁን በፕላስተር ጠቅልዬ ነው ያቆምኩት።