ቀብድ ከመላካችሁ በፊት በባይኖኩላሩ እዩበት

«ስዋሮቭስኪ ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም፤ ቀብድ ላክና ለገጣፎ መጥተህ ውሰድ» የሚል ውድ የባይኖኩላር ሻጭ ካጋጠማችሁ ቀብዱን አትላኩ። ካርቶኑ አይከፈትም ማለት አታዩበትም ማለት ነው። እንዲህ ባለ ውድ ዋጋ ደግሞ ሳያዩበት የሚገዛ ባይኖኩላር የለም።

«ከ10 እስከ 180 ያጎላል» የሚል ጽሑፍና ቀይ መስታወት ካያችሁ ንግግሩን እዚያው ጨርሱ። የፊት መስታወቱ እውነትም 100 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ለ180 ሲካፈል ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ 0.6 ሚሊሜትር አይሞላም፤ የምታዩት ጨለማ ነው። በ8×42 (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ያው ክብ 5.25፣ በ10×42 ደግሞ 4.2 ሚሊሜትር ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ገፈርሳ ውኃ ዳር ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ የሚፈልግ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

ዕቃው እውነተኛ ሆኖም ላይሆናችሁ ይችላል፤ ብዙ ብር የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። ስዋሮቭስኪ ኤንኤል ፒዩር 8×42 በ1000 ሜትር ርቀት 159 ሜትር ስፋት ያሳያል፤ የተፎካካሪዎቹ 8×42 ደግሞ፣ ዛይስ ኤስኤፍ 148፣ ላይካ ኖክቲቪድ 135። በወረቀት ኤንኤሉ አሸነፈ። ግን አንዳንድ ሰው ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ከምስሉ ግርጌ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ነጸብራቅ ይታየዋል፤ አጠገቡ የቆመው ደግሞ በዚያው ዕቃ ምንም አያይም። ኤስኤፉ 780 ግራም ገደማ ነው፣ ክብደቱም ወደ ዓይን በኩል ስለሚያደላ እጅ አያዝልም። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ስፋቱን ተዉትና ጥቁር ጥላ ሳይመጣ ክቡ ሙሉውን መታየቱን አረጋግጡ።

አሞካከሩ እንዲህ ነው። መነጽር ለምታደርጉ የዓይን ጎማው ወደ ውስጥ ይግባ፣ ለሌላው ይውጣ። ሁለቱ ክቦች አንድ እስኪሆኑ ሁለቱን ቱቦዎች የሚያገናኘውን ማጠፊያ አጥብቡ ወይም አስፉ። የቀኙን የፊት መስታወት በእጅ ሸፍናችሁ ግራው እስኪጠራ የመሃሉን ማዞሪያ አዙሩ፤ ቀጥሎ ግራውን ሸፍናችሁ ቀኙን በዳዮፕተሩ፣ ማለትም የአንዱን ዓይን ጥራት ለብቻው በሚያስተካክለው ማዞሪያ፣ ብቻ አጥሩ። (ዳዮፕተሩ የት እንዳለ የማያውቅ ሻጭ ስለ ዕቃው የሚነግራችሁን ሌላውንም አትመኑ።)

አሁን 100 ሜትር ገደማ ራቅ ያለ የመብራት ሽቦ ላይ አነጣጥሩና ባይኖኩላሩን ከዓይናችሁ ቀስ ብላችሁ አርቁት። ሽቦው በግራው ክብ ከፍ፣ በቀኙ ዝቅ ካለ ዕቃው ወድቆ ፕሪዝሙ (ውስጥ ያለው ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት) ተናግቷል። ዓይን ለአምስት ደቂቃ አቻችሎ ያሳያል፤ ለአንድ ሰዓት ሲሆን ራስ ምታት ነው። እቤት የሚስተካከል ብሎን አይደለም፣ አትሞክሩት።

ያገለገለ ከሆነ የስልክ መብራት በፊት መስታወቱ አስገብታችሁ በዓይን በኩል እዩ። አቧራ ችግር የለውም። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ግን ሻጋታ ነው፣ የመስታወቱን ቅብ ይበላል።

መለያ ቁጥሩ ከካርቶኑ ጋር ይመሳከር፤ ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀትም ጠይቁ። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ሻጩ «ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» ካላችሁ፣ እሱ ይውሰደው።