ኤክስኤፍሲኢ በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮች፦ ከወራት ሥራ በኋላ

ጎንደር ማራኪ ግቢ አጠገብ ያለችው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤታችን ኮምፒውተሮች አሮጌ ናቸው፤ አብዛኞቹ ራማቸው 4 ጊጋ ነው። ዊንዶውስ 11 አይቀበላቸውም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሁሉንም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ነፃ ሥርዓት ወደሆነው ሊኑክስ ሚንት 22 አዛወርኳቸው። ሚንት ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ በሚባሉ ሦስት ዴስክቶፖች፣ ማለትም አሞሌውንና ሜኑውን በሚያሳዩ ገጽታዎች፣ ይመጣል። አዘጋጆቹ የሚያስቀድሙት ሲናሞንን ነው፤ እኔ ግን ለሁሉም ማሽን ኤክስኤፍሲኢን ዲፎልት (ሳይመረጥ በራሱ የሚመጣ) አደረግኩ። ዛሬም ብጠየቅ መልሴ ያው ነው።

ደንበኛ ሴቲንግ ከፍቶ ገጽታ አይመርጥም። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን አርሞ፣ አሳትሞ መሄድ ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ፊቱ የመጣለት ነገር ካላስቸገረው ሥራው ይሄዳል። ኤክስኤፍሲኢ ላይ ከታች አሞሌ አለ፣ በስተግራ ሜኑ አለ፣ የተከፈተው ፋይል አሞሌው ላይ ይታያል። ዊንዶውስ ለለመደ ሰው ማስረዳት አላስፈለገኝም። አሞሌውን በመዳፊት እየጎተቱ እንዳያዛቡት ከፓነሉ ምርጫዎች ውስጥ ቆለፍኩት። ሊብሬኦፊስና ፋየርፎክስ አብረው ተከፍተው ማሽኑ አይንቀራፈፍም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስም ቶሎ ሥራ ላይ ነን።

ብዙ የለፋሁት አማርኛው ላይ ነው። ግኖም የሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ አይባስን፣ ማለትም የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራሙን፣ በራሱ ሴቲንግ ውስጥ ስለያዘው ቋንቋ መጨመር ቀላል ነው። እዚህ ግን አይባስንና የአማርኛ አጻጻፉን የያዘውን የኤም17ኤን ጥቅል ለብቻ ጭኖ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ማድረግ ያስፈልጋል። የዊንዶውስ ቁልፉ ሜኑ ስለሚከፍት የቋንቋ መቀያየሪያውን ኮንትሮልና ስፔስ ላይ አደረግኩት። በሊብሬኦፊስ የሠንጠረዥ ፕሮግራም በካልክ ላይ ግን ይኸው ጥምረት ሙሉ ዓምድ መምረጫ ነው፤ የደመወዝ ሠንጠረዥ የምትሠራው ልጅ አሁን ዓምዱን ራሱን እየጫነች ትመርጣለች። አጻጻፉ አማርኛን በላቲን ፊደል ቁልፎች በድምፁ የሚጽፈው የሴራ ሥርዓት ነው፤ ጠ እና ጨ ትልቅ ፊደል ይፈልጋሉ። ለጸሐፊዎቻችን እጅ ማስለመዱ ጊዜ ወስዷል፣ አሁን ግን እንደ ድሯቸው ይጽፋሉ። ይህ ሁሉ ቅንብር ሚንት ሲጫን አብሮ ቢመጣ እንዴት ባማረ! ለአማርኛ ተጠቃሚ ሚንት አዘጋጅቶ የሚያድል ሰው ከግድግዳ ሥዕሉ በፊት ይህንን ያስብልን።

አንድ ነገር ከዴስክቶፑ ጋር መምታታት የለበትም። በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች ፎንት የተጻፉ፣ ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ) ያልሆኑ ማመልከቻዎች ሲከፈቱ የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነው ይወጣሉ። ግኖምም ሲናሞንም ይህን አያድኑትም፤ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ጉድለትም አለው። ስክሪኑ ጥራቱ በጣም ከፍ ባለ ላፕቶፕ ላይ ጽሑፉን በመጠኑ ማሳደግ ያስቸግራል፤ ወይ ያንሳል ወይ ይገዝፋል። በአንዱ ማሽን ላይም ቪዲዮ ሲታይ ምስሉ መሃል ለመሃል የሚሰነጠቅ ይመስላል። ለጽሕፈት ሥራ ችግር አይደለም፤ ፊልም ለሚያይ ግን ያናድዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ነው። ዴቢያን የሚባለው ሌላ የሊኑክስ ሥርጭት በ2013 እ.ኤ.አ. ኤክስኤፍሲኢን ዲፎልቱ ለማድረግ አስቦ በ2014 ወደ ግኖም ሲመለስ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ለአካል ጉዳተኞች ያለው አመቺነት ነበር። ልክ ነበሩ እላለሁ። ማየት የተሳነው ሰው በስክሪን አንባቢ የሚሠራበት ማሽን ከሆነ ኤክስኤፍሲኢን አልመክርም። በሁሉም ዓይነት ሰው እጅ ለሚገባ ሥርጭት ዲፎልት መምረጥ ለአንድ ጽሕፈት ቤት ከመምረጥ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ ስላለው፣ ማሽኖቹ እስከቻሉ ድረስ በዚሁ እንቀጥላለን። በቅርቡ የገዛነውን ላፕቶፕ ግን ሲናሞን ጭኜበታለሁ።