በቱሺንስኪ ሲኒማ የትኛው ይታይ?
እ.ኤ.አ. በ1921 የተከፈተውን የአምስተርዳሙን ቱሺንስኪ ሲኒማ ያሠራው አይሁዳዊው አብርሃም ቱሺንስኪ በ1942 በናዚዎች የሞት ካምፕ አውሽቪትዝ ውስጥ ተገደለ። በዚያ አዳራሽ ስለ ናዚዎች ጭፍጨፋ አንድ የቆየ ፊልም እንደገና ይታይ ቢባል፣ የአለን ሬኔ «ሌሊትና ጭጋግ» ይሻላል ወይስ የክሎድ ላንዝማን «ሾዓ»?

የሬኔ ፊልም 32 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለተማሪዎች ይመቻል። ግን የሟቾቹን አይሁድነት በጨረፍታ ብቻ ያነሣል። በቱሺንስኪ ቤት ይህ ይከብዳል።

በ1985 የወጣው «ሾዓ» ከ9 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ለሲኒማ ቤቱ ሒሳብ ያዥ ራስ ምታት ነው! በጭፍጨፋው ዘመን የተቀረጸ ምስል አልተጠቀመም፤ የተረፉት፣ ያዩት፣ ከገዳዮቹም አንዳንዶቹ በገዛ አንደበታቸው ይናገራሉ። በትሬብሊንካ የሞት ካምፕ የሟቾችን ፀጉር እንዲቆርጥ የተገደደው ፀጉር አስተካካይ አብርሃም ቦምባ መቀስ እንደያዘ ቃል ሲያጥረው የሚወርደውን ዝምታ በስልክ ማየት ማባከን ነው። እኔ ብሆን በሁለት ቀን ከፋፍዬ «ሾዓ»ን አሳይ ነበር።