ለጤና ጣቢያችን ሲስተር ምስጋና፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለናንተ ይሁን የመንዝ ልጆች፣ የሰሜን ሸዋ ሰዎች በሙሉ፣ ውጪ ሆናችሁም ቤተሰብ ሀገር ቤት ያላችሁ። ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። እህቴን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው፣ እንደውም ሳነብላት ሁለት ቦታ ላይ "እሱንም ጨምር" ብላ አስጨምራኛለች። የሲስተርን ስም አልጠቅስም፣ "ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳላየው" ብላ አስጠንቅቃኛለች። የመሐል ሜዳ አካባቢ ሰው ግን ገና ሳይጨርስ ማን እንደሆነች ያውቃታል።

እህቴን የጀመራት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ነው፣ 19 ዓመቷ ነበር። እንጀራ እየጋገረች ምጣዱ ላይ ወደቀች። እማዬ በረት ነበረች፣ ሽታው ነው የጠራት። ግራ እጇ ከክርኗ ጀምሮ እስከ አንጓዋ ተቃጠለ፣ ጠባሳው ዛሬም አለ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ስር አስጠጋ፣ አንዱ ቁልፍ አስጨበጣት፣ ለሃጯ እንዳይነካቸው ብለው የሸሹም ነበሩ። ክፋት አይደለም፣ ሁላችንም እንደዛ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ከዛ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን በወር ሁለቴ ሦስቴ ይጥላት ነበር። ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገባች፣ ሸንኮራ ዮሐንስም ወሰድናት። ጠበሉን አልነቅፍም፣ ራሴም እጠመቃለሁ። ግን ሐኪም ጋ አለመውሰዳችን እስከዛሬ ይቆጨኛል፣ የሐኪም በሽታ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረማ።

ሲስተርን ያገኘናት በእማዬ ግፊት ነው። እማዬ ደም ግፊቷን ልትለካ ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ሲስተር ከለካቻት በኋላ "ከፍ ብሏል እማማ፣ እንቅልፍ ይወስድዎታል? ቤት ውስጥ የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ?" ብላ ጠየቀቻት። እማዬ እዛው አለቀሰች። በማግስቱ እህቴን ይዘን ሄድን። ያቺ ጥያቄ ባትጠየቅ ኖሮ እማዬ ኪኒኗን ተቀብላ ወደቤቷ ትመለስ ነበር፣ እኛም እስከዛሬ እዛው ነበርን።

መጀመሪያ ያደረገችው መጠየቅ ነው። ሲጀምራት የቱ እጇ ነው ቀድሞ የሚንቀጠቀጠው? አይኗ ወዴት ይዞራል? ምላሷን ትነክሳለች? ከነቃች በኋላ ምን ያህል ጊዜ ትደነግዛለች? እኛ ምንም አናውቅም፣ ሁላችንም የምናስታውሰው ድንጋጤያችንን ነው። "እሺ፣ በሚቀጥለው ከጣላት መጀመሪያ በጎኗ አስተኟት፣ ከዛ አንድ ሰው በስልክ ይቅረጽ" አለችኝ። ቀረጽኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ እያለቀስኩ ነው የቀረጽኩት፣ ቪዲዮው ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ መጀመሪያ የግራ እጇ ጣቶች ናቸው የሚወራጩት፣ ከዛ ክንዷ፣ ከዛ ነው መላ ሰውነቷ። ሲስተር ሦስት ጊዜ ደጋግማ አየችው። "ከአንድ ወገን የሚጀምር ከሆነ አንጎል ውስጥ ከአንድ ቦታ ነው የሚነሳው፣ የመድኃኒት ምርጫውንም ይለውጣል፣ ይሄን ደብረ ብርሃን ላለው ሐኪም ታሳዩታላችሁ" አለች።

እስከዛው ግን ባዶ እጃችንን አልሰደደችንም። ከጤና መኮንኑ ጋር ተነጋግራ ፌኖባርቢታል አስጀመረቻት። ይሄ መድኃኒት ለሚጥል በሽታ መሰጠት የጀመረው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ርካሽ ነው፣ ማታ አንዴ ነው የሚዋጠው። "መጀመሪያ ሰሞን ትተኛለች አትደንግጡ፣ ሰውነቷ ይለምደዋል። ከደም ውስጥ የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው፣ ግማሹ ለመውጣት ራሱ ሦስት አራት ቀን ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ልኩ ላይ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቁ፣ በሳምንቱ አልሰራም ብላችሁ እንዳትጥሉት። ከሁሉም ከሁሉም በአንዴ እንዳታቋርጡ፣ ያኔ ነው ማቆሚያ የሌለው መጣል የሚመጣው" አለች። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፣ ሲስተር የኪኒኑን ከረጢት ላይ በእስክሪብቶ ጨረቃ ሳለችላት። በኋላ መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ሲሆን ፀሐይና ጨረቃ ሆነ። እማዬ እስካሁን ከረጢቶቹን አልጣለችም፣ ከመስቀሏ ጋር አንድ ላይ ነው ያስቀመጠቻቸው።

ስለጠበሉም አንድ ነገር ልበል። እማዬ ፈራ ተባ እያለች "ልጄ፣ ጠበሉን እንተው እንዴ?" ስትላት ሲስተር "ኧረ ለምን ይተዋሉ እማማ፣ ጠበሉንም ትጠጣ መድኃኒቱንም ትዋጥ፣ መድኃኒቱን አቋርጪ የሚላት ሰው ከመጣ ግን እኔ ጋ ይዘውት ይምጡ" አለቻት። የንስሐ አባታችንም ተጠይቀው መድኃኒት ጾም አይገድፍም ብለው ነገሯት፣ እህቴ በዓቢይ ጾም ሳይቀር ሰዓቷን አላዛነፈችም።

ደብረ ብርሃን ሐኪሙ ቪዲዮውን አይቶ ወደ ካርባማዜፒን ቀየረላት፣ ፌኖባርቢታሉን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሰ። ክትትሉ ግን እዚሁ ጤና ጣቢያ ሆነ፣ ለሰሚው ቀላል ይመስላል፣ ከመንዝ ደብረ ብርሃን በየወሩ መመላለስ የትራንስፖርቱ ብር ብቻ ሰውን መድኃኒት ያስተዋል። መንገድ የሚዘጋበት ሰሞን እንደሚኖርም አስባ የሁለት ወር አድርጋ ትሰጠናለች። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ቀድማ ደውላ "እንዳይቋረጥባት ቶሎ ኑ" ትላለች። ባለ 50 ገጽ ደብተር አላት፣ እያንዳንዱ ታማሚ ገጽ አለው፣ የጣለበት ቀን በቀይ ነው የሚጻፈው። የእህቴ ገጽ ላይ የመጀመሪያዎቹ ወራት በቀይ የተሞሉ ናቸው፣ ከዛ እየሳሳ ይሄዳል።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ልምጣ፣ ይህን ጽሁፍ ያጻፈኝም እሱ ነው።

አምና እህቴ ሌላ ከተማ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ጉሮሮዋን ታመመች። አንድ ፋርማሲ ገብታ መድኃኒት ሰጧት፣ ሌላ የምትወስጂው አለ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። በሦስተኛው ቀን ሄጄ ሳመጣት እንደሰከረ ሰው ትንገዳገዳለች፣ "አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየኛል" ትላለች፣ ያስመልሳታል፣ ስታወራ ምላሷ ይተሳሰራል። መንገድ ላይ አንድ ክሊኒክ አስገባኋት፣ "በሽታው ተባብሶባት ነው፣ የምትወስደው መድኃኒት ይጨመርላት" ተባልኩ። ልጨምር ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ ኪኒኑ እጄ ላይ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም ለሲስተር ደወልኩ። እሁድ ማታ ነው፣ አነሳችው። "ምንም እንዳትጨምር፣ በራስህም እንዳታቋርጥ፣ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ ባዶውን ካርቶን ሳይቀር፣ በፌስታል ሰብስበህ በጠዋት ይዘሃት ና" አለችኝ።

ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ፌስታሉን ገለበጠችው። የእማዬ የግፊት ኪኒን፣ የኔ የጨጓራ፣ የእህቴ ካርባማዜፒን፣ ሌላም ምናምን። አንድ በአንድ እያነሳች አየች፣ አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ኤሪትሮማይሲን፣ ፋርማሲው ለጉሮሮዋ የሰጣት አንቲባዮቲክ። "ይሄን መቼ ጀመርሽ የኔ እህት?" አለቻት፣ ከዛ ወደኔ ዞራ "መድኃኒት አላነሳትም፣ በዝቶባት ነው" አለችኝ።

እንዲህ ብላ ነው ያስረዳችን። መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ጉበት እንደ ወፍጮ እየፈጨ ያስወጣዋል። ካርባማዜፒን የሚገርመው ነገር የራሱን ወፍጮ ያፈጥናል፣ ለዛ ነው መጀመሪያ ላይ ዶዙ ቀስ እየተባለ የሚጨመረው። ኤሪትሮማይሲን ደግሞ ሲመጣ ያንኑ ወፍጮ ይይዘዋል። እህሉ ግን ጠዋት ማታ ይፈሳል፣ ስለማይፈጭ ይከመራል። እህቴ አንድም ኪኒን ሳትጨምር ደሟ ውስጥ ያለው ካርባማዜፒን ከልኩ አልፎ ነበር። እኔ ያንን ነበር ልጨምርላት የነበረው! እዛው ሆና ደብረ ብርሃን ለሐኪሙ ደወለች፣ ኤሪትሮማይሲኑ ቆመ፣ ለጉሮሮዋ በአሞክሳሲሊን ተተካላት፣ ካርባማዜፒኑን እንዴት እንደምትቀጥል ሐኪሙ በስልክ ነገራት። በየማታው እየደወለች ትጠይቃት ነበር። በአራተኛው ቀን እህቴ ጀሪካን ይዛ ቧንቧ ሄደች።

ከዛ በኋላ ራሴም ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን አካባቢ ሰው ይሄ በሽታ እንዳለበት ይናገራል፣ በትክክል ከታከሙ ደግሞ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ ይላል። በሀገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ላይ ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ማለቴ ነው፣ ከ1,000 ሰው 5.2 የሚሆነው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አገኙ። አስቡት፣ እኛ ግን ጠቅላላ ቀበሌው ውስጥ እህቴ ብቻ ናት ብለን ተሸማቀን ነበር የኖርነው። ነርስና ጤና መኮንን አሰልጥኖ ይሄን ሕክምና ጤና ጣቢያ ድረስ ማውረድ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም የተጀመረውም በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። የአንጎል ስፔሻሊስት መንዝ ድረስ እስኪመጣ ብንጠብቅ እህቴ ሌላ እጇንም ታጣ ነበር።

እህቴ ጨምር ያለችኝ አንዱ ይሄ ነው፣ ለሴቶች ነው። ሲስተር ለብቻዋ አስቀምጣ ነግራታለች፣ ካርባማዜፒንም ፌኖባርቢታልም ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያና የሚዋጠውን ኪኒን ኃይሉን ይቀንሱታል፣ ሳታስቢው ልታረግዢ ትችያለሽ፣ ስለዚህ የትኛው እንደሚሆንሽ ጠይቂ። ቫልፕሮት የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ደግሞ ከማርገዟ በፊት ሐኪም ታማክር፣ ፅንስ ላይ ጉዳት ያመጣል፣ ግን ደንግጣ በራሷ እንዳታቋርጠው። ሁለተኛው ደግሞ ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ላይ መጣሉን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ፋርማሲ ስትገቡ ከመግዛታችሁ በፊት በሽታውን ተናገሩ። አትፈሩ፣ ተናገሩ ትላለች እህቴ።

ሰው ሲወድቅ ካያችሁ ደግሞ ክብሪቱን ተዉት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ብረትም አታስገቡ፣ ጥርስ ይሰበራል እንጂ ምንም አይጠቅምም። እሳትና ድንጋይ ከአጠገቡ አርቁ፣ ነጠላም ጃኬትም ራሱ ስር አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙ፣ ሰዓት ተመልከቱ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይ ሳይነቃ ከደገመው ተሸክማችሁ ሩጡ። ለሃጩ አያስይዝም። ሲስተር ይሄን እኛ ሰፈር ድረስ መጥታ የጽዋ ማኅበር ላይ ለሰው ሁሉ አስረድታለች፣ ያኔ ክብሪት የጫረው ጎረቤታችን አሁን በጎኗ አስተኟት ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው።

እንግዲህ ጥቆማዬ፣ መሐል ሜዳም ሆነ ዙሪያዋ ያላችሁ፣ የሚጥል በሽታ፣ ስኳር፣ ግፊት ያለበት ቤተሰብ ካላችሁ ጤና ጣቢያ ካርድ አውጥታችሁ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ክፍል የምትሰራዋን ሲስተር በሉ፣ በጠዋት ሂዱ ወረፋ አለ። የጤና መድን ደብተራችሁን አትርሱ፣ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። ሌላ ወረዳ ያላችሁ ደግሞ እናንተም ጋ እንደሷ ያለች ትኖራለች፣ ጠይቁ።

እህቴ ደብተሩ ላይ ቀይ ከተጻፈባት አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆናት። ምጣድ ላይ አሁንም ብቻዋን አትቀመጥም፣ የሲስተር ትእዛዝ ነው፣ እማዬ አጠገቧ ሆና ጥጥ ትፈትላለች።

ሲስተርዬ፣ ይህን ካየሽው፣ ባለፈው ዶሮ ብናመጣልሽ "ለልጆቹ ስጧት" ብለሽ መለስሽን። እማዬ ከበጎቻችን ፀጉር ባና እያሰራችልሽ ነው፣ ለጥምቀት ይደርሳል፣ እሱን እንኳ እምቢ እንዳትያት።