የአባቴን ቤት ግድግዳ ያደረቁልኝ ግንበኛ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ

እኔ ሰው ማመስገን ላይ ሰነፍ ነኝ፣ ይሄንን ግን ሳልጽፈው ብቀር ህሊናዬ እረፍት አይሰጠኝም። የአባቴን አሮጌ ቤት ሳሳድስ የግድግዳው እርጥበት ሁለት አመት ሙሉ አሳሬን አብልቶኛል። ቤቱ ድፍን ጡብ ነው፣ መሀሉ ክፍተት ምናምን የለውም፣ በድሮ ጊዜ በኖራ የተገነባ።

የመጀመሪያው ባለሙያ በሲሚንቶ ለስኖልኝ ሄደ። እንዴት እንዳማረ! ዝናብ ሲመጣ ተነፍቶ ይረግፍ ጀመር። ሁለተኛው ውሃ አያስገባም ያለውን ፕላስቲክ ቀለም ቀባልኝ፣ ሶስት ወር ሳይሞላው ተልጦ ስሩ ሻጋታ። በጣም የሚያንገበግበኝ ግን ሶስተኛው ነው፣ አንዲት ጢጥ ጢጥ የምትል የእርጥበት መለኪያ እቃ ግድግዳው ላይ ደቅኖ ኬሚካል ካልተወጋ ቤቱ አለቀለት ብሎ እንቅልፍ ነሳኝና ቀብዱን ተቀብሎ ስልክ ማንሳት አቆመ። ስማቸውን አልጠራም፣ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ። የአባቴን ካፖርት ቁምሳጥን ውስጥ ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ ያገኘሁት ያኔ ነው፣ ታቅፌው አለቀስኩ፣ ለካፖርት ነው ብላችሁ አትሳቁብኝ።

እኚህን ሰው የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። መጡ፣ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉ፣ ወጥተው ቤቱን ዞሩት፣ ከዛ "ልጄ፣ ዝናብ ሲጥል ሳላየው አልነካውም" ብለው ሄዱ። በቃ እኚህም ቀሩ አልኩ። በሶስተኛው ቀን ዶፍ እየወረደ በር ተንኳኳ፣ ማንም ሳይጠራቸው ፌስታል ራሳቸው ላይ ደፍተው መጥተዋል! ከጓሮ ሆነው ጋሼ ወደ ላይ ጠቆሙኝ፣ ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ መጋጠሚያው ተሰንጥቆ ውሃው በጡቡ ላይ ኩልል ይላል። እኔው ራሴ ለአበባ ብዬ የከመርኩት አፈር ደግሞ ከቤቱ ወለል በላይ ሆኗል። "ይኸውልሽ፣ ቤትሽን የሚያጠጣው ይሄ ነው" አሉኝ። ሁለት አመት ሙሉ አንድም ሰው ወጥቶ አላየውም እኮ! ለዛ ቀን ድካማቸው ገንዘብ ብሰጣቸው እምቢ አሉ።

ቱቦው ተቀየረ፣ አፈሩ ከወለሉ 15 ሳንቲ ዝቅ እስኪል ተጠረገ፣ ሲሚንቶውን ጡቡ እንዳይጎዳ በመሮ ቀስ እያሉ ፈልፍለው አነሱትና በኖራ ለሰኑት። ኖራው ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል፣ ማለትም እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስወጣዋል ብለው ብዙ አስረድተውኛል፣ እውነቱን ለመናገር ዝም ብዬ ራሴን እየነቀነቅኩ ነው የሰማሁት። የገባኝ ታፍኖ የኖረ ግድግዳ ቶሎ አይደርቅም የምትለዋ ናት፣ ለ2 ሳንቲ ተኩል ውፍረት 1 ወር ገደማ አስቢ አሉኝ፣ የኔ 22 ሳንቲ ነው፣ 9 ወር መሆኑ ነው። እንቀባው ብዬ ስንቴ ነዘነዝኳቸው! ሌላ ሰው ቢሆን ቀብቶ ገንዘቡን ይዞ ውልቅ ይል ነበር። በአስረኛው ወር መጥተው መዳፋቸውን ለጠፍ አድርገው ቆዩና "አሁን ቀቢው" አሉኝ። ዘንድሮ ዝናቡ ያን ያህል ወርዶ አንዲት ጠብታ ምልክት የለም፣ ካፖርቱንም እዛው ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

አሮጌ የጡብ ቤት ያላችሁ በእናታችሁ ሲሚንቶ ከማስለሰናችሁ በፊት እኚህን ሰው አሳዩዋቸው። ስልካቸውን ለፈለገ በኢንቦክስ እልካለሁ፣ ቶሎ ካላነሱ መሰላል ላይ ሆነው ነው፣ ደግማችሁ ደውሉ።