ባለ አራት ገመዱ 3 ካሬ ሜትር ፓወር ካይት በባሕር ዳር ንፋስ

ለጣና ዳርቻ ፓወር ካይት፣ ማለትም በንፋስ ኃይል ሰውን የሚጎትት ትልቅ የጨርቅ ካይት፣ የሚገዛ ሰው ከሁለት ዓይነት ክንፍ አንዱን መምረጡ አይቀርም። አንዱ አጠር ብሎ ሆዱ ሰፋ ያለው የጀማሪ ክንፍ ነው፤ ሌላው ለፍጥነት የተሠራው ረጅምና ቀጭን ክንፍ ነው። ሁለቱም 3 ካሬ ሜትር፣ ሁለቱም ባለ አራት ገመድ ሆነው ይሸጣሉ፤ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ልዩነታቸውን አይናገርም። ለባሕር ዳር የምንመክረው የመጀመሪያውን ነው፤ የምንገመግመውም እሱኑ ነው። ጨርቁና ስፌቱ ይመሰገናል። ገመዱና የእጅ ማሰሪያው ግን ሳይፈተሹና ሳይስተካከሉ መነሳት የለባቸውም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከቅርጹ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት በራሱ አባዙና ለካሬ ሜትሩ አካፍሉት። 3 ሜትር የሚረዝመው የጀማሪ ክንፍ 3 ይሰጣል፤ 3.87 ሜትር የሚረዝመው የፍጥነት ክንፍ 5 ይሰጣል። ካይት በሚበርበት ጊዜ በሆዱ በኩል ያለው ግፊት በጀርባው ካለው ይበልጣል፤ አየሩም በሁለቱ ጫፎች እየሾለከ ወደ ጀርባው ይዞራል። ይህ ሽክርክሪት ክንፉን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ረጅምና ቀጭን ክንፍ ላይ ይህ መያዝ ከማንሻው ኃይል አንጻር ትንሽ ስለሆነ ካይቱ ይፈጥናል፣ ንፋሱንም ቆርጦ ወደ ዳር ርቆ ይወጣል።

ፍጥነቱ ዋጋ ያስከፍላል። ንፋሱ ለአፍታ ሲደክም ፈጣኑ ክንፍ ገና እየሮጠ ስለሆነ ገመዱን ያላላዋል። በፊት ጠርዙ ላይ ባሉት አፎች የሚገባው አየር ይቋረጥና ክንፉን የሚነፉት የጨርቅ ኪሶች ይሟሽሻሉ፤ ረጅሙ ጫፍም በራሱ ልጓም ውስጥ ይገባል። ልጓም የምንለው ከክንፉ ሆድ ወርደው ከዋናዎቹ ገመዶች ጋር የሚያያዙትን ቀጫጭን ገመዶች ነው። ንፋሱ ሲመለስ ካይቱ በግማሽ ክንፉ እየተሽከረከረ መሬት ይመታል። አጭሩ ክንፍ ሲታጠፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ተመልሶ ይሞላል። የካይት ፈልሳፊው ዶሚና ጃልበርት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካመጣው፣ በንፋስ ብቻ ተነፍቶ ቅርጹን ከሚይዘው ክንፍ ጀምሮ ይህ ችግር አብሮ የኖረ ነው፤ አጥንት የለውምና አየር ሲያጣ ጨርቅ ብቻ ይሆናል።

የባሕር ዳር ንፋስ ደግሞ ይህንኑ ድክመት ይፈትናል። ከተማው በሐይቁ ደቡባዊ ዳር ላይ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ንፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ሌሊትና ማለዳ ወደ ሐይቁ ይገለበጣል። ከሰዓት በኋላ ውሃውን ተሻግሮ የሚመጣው ንፋስ የተስተካከለ ነው። ዛፍና ሕንፃ አልፎ የመጣው ግን ይሰባበራል፤ 10 ሜትር ከሚረዝም ዛፍ ጀርባ ቢያንስ 70 ሜትር ራቁ። ጀርባን ለሐይቁ ሰጥቶ፣ ከፊት ሜዳ ያለበትን ቦታ መምረጥ ነው። ከፊታችሁ የመብራት ሽቦ ካለ ቦታው አይሆንም። በማለዳው ንፋስ ካይቱ ከሐይቁ በላይ ስለሚሆን አትሞክሩት፤ ውሃ ላይ ሲወድቅ በክፍት አፎቹ ውሃ ይሞላል፣ ከዚያም አይነሳም።

ከፍታውንም ሒሳብ ውስጥ አስገቡ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ክብደት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 84 በመቶ ያህል ነው፤ 25 ዲግሪ በሚሞቅ ከሰዓት ደግሞ ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ከካይቱ ጋር የሚመጣው መመሪያ የንፋስ ሰንጠረዥ በባሕር ጠለል ተሰልቶ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያለውን ጉልበት እዚህ ለማግኘት ከ22 እስከ 23 ያስፈልጋል። ይህን አይቶ ትልቅ ካይት የሚያዝ ሰው ይሳሳታል። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ነው፤ ትልቁ ካይት በደካማው ንፋስ የሚያተርፈውን በድንገተኛው ንፋስ ያስከፍላል።

በቁጥር እንየው፤ ግምት ነው፣ ክንፉ ንፋሱን ወደ ማንሻ ኃይል የሚቀይርበትን መጠን 0.8 አድርገን። በ20 ኪሎ ሜትር ንፋስ አናት ላይ ቆሞ የሚንሳፈፍ ባለ 3 ካሬ ሜትር ካይት ወደ 4 ኪሎ ብቻ ይጎትታል። ያው ካይት በፊት ለፊት ሲያቋርጥ፣ ከራሱ ሩጫ የተነሳ የሚያገኘው ንፋስ ሦስት እጥፍ ቢሆን፣ ጉተታው 34 ኪሎ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ንፋሱ ከ20 ወደ 30 ቢዘል 76 ኪሎ ይሆናል፤ ይህ ሰው ከመሬት የሚነጥል ነው። አናት ላይ የዋህ ስለሆነ ብቻ ካይቱ ይቻላል ብሎ ማለት አይገባም።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። ካይቱ አልነሳ ሲል፣ ወይም ተነስቶ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ሲወርድ፣ በብዛት ጥፋቱ የክንፉ አይደለም፤ የክንፉን የኋላ ጠርዝ የሚስቡት ሁለቱ የፍሬን ገመዶች አጥረው ነው። አዲስ ገመድ ሲጎተት ይረዝማል፤ ሸክሙን የሚችሉት ሁለቱ የኃይል ገመዶች ከፍሬኖቹ ይልቅ ስለሚረዝሙ ፍሬኑ ሳይነካ እንደተያዘ ይቆጠራል። ምርመራው ቀላል ነው። ካይቱን አናት ላይ አቁማችሁ እጃችሁን አስተካክላችሁ ያዙ፤ የፍሬን ገመዶቹ ትንሽ ረገብ ማለት አለባቸው። ቀጥ ብለው ከተወጠሩ በእጀታው ላይ ያለውን ቋጠሮ በ2 ሴንቲሜትር እያረዘማችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። በጣም ከረገቡ ደግሞ ካይቱ በፍሬን አይታዘዝም፤ ለማሳረፍም ያስቸግራል።

የልጓሙን መያዣ ነጥብ ማንቀሳቀስ ሌላ ነገር ነው። ወደ ፊት ሲሄድ አፍንጫው ይወርዳል፤ ካይቱ ይፈጥናል፣ ጉተታው ይቀንሳል፣ ለመታጠፍም ይቀርባል። ወደ ኋላ ሲሄድ ጉተታው ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ይሞታል፣ በደካማ ንፋስም ይወድቃል። ጀማሪ ልጓሙን ባይነካው ይሻላል፤ ከፋብሪካ የመጣው ልክ መሃል ላይ ነው፣ ፍሬኑ ብቻ ከበቂ በላይ ሥራ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ገመድ ፖሊስተር ከሆነ ቀይሩት፤ እንደ ላስቲክ ስለሚረዝም መሪው ይዘገያል። 20 ሜትር ዳይኒማ (ብዙም የማይለጠጥ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ገመድ)፣ ለኃይል 150 ኪሎ፣ ለፍሬን 100 ኪሎ የሚችል ይበቃል። ዳይኒማ በራሱ ሲቋጠር ግማሽ ጉልበቱን ያጣል፤ ጫፉ መከላከያ እጅጌ ሊኖረው ይገባል። ከ150 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚቀልጥም ከሌላ ገመድ ጋር ሲፋተግ ይበጠሳል። የተወጠረውን ገመድ በእጅ መያዝ ፈጽሞ አይገባም፤ ቆዳ ይቆርጣል። ከጥቂት ሰዓታት በረራ በኋላ አራቱን በአንድ ካስማ አስራችሁ በእኩል ጎትቱ፤ የረዘመውን አሳጥሩ።

ካይቱን ለማስነሳት በጀርባው አስተኙት፤ ልጓሙ ወደ ላይ፣ የኋላ ጠርዙ ወደ እናንተ። ጠርዙ ላይ ጥቂት አፈር አድርጉበት። የግራር እሾህ ያለበትን ሜዳ ግን ለቅቃችሁ ሂዱ፤ የካይቱ ጨርቅ፣ ሪፕስቶፕ ናይለን፣ ተቀዶ ባይሰፋም ቀዳዳው አየር ያስወጣል። ኪስ ውስጥ የገባ አፈር ክንፉን ያከብዳል፤ ጫፎቹ ላይ ያለው ማስወጫ ለዚህ ነው፣ በየጊዜው አራግፉት። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ እንዲቆይ አትተዉት፤ ጨርቁን ከንፋስ ይበልጥ የሚያረጀው እሷ ናት።

የእጅ ማሰሪያው እጀታውን ስትለቁ ፍሬኑ ብቻ ቀርቶ ክንፉ እንዲታጠፍ የሚያደርገው ክፍል ነው። በዚህ ዓይነት ካይት ላይ የሚመጣው ማሰሪያ ስፌቱ ደካማ ነው፤ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ሁለት ጊዜ ድርብ አሰፉት፣ በሙሉ ክብደታችሁም ጎትታችሁ ፈትሹት። የክረምት ደመና ጠቁሮ ነጎድጓድ ከተሰማ ካይቱን አውርዱ። ከ50 ኪሎ በታች ለሚመዝን ሰው ደግሞ ባለ 3 ካሬውን ትቶ 2 ካሬ ሜትሩን መያዝ ይሻላል።